መሳቢያችን ውስጥ ያለው ፖስታ ሲሸጥ

ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ ወደነበረው የቴምብር ሱቅ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን አቶ ኪዳኔ መቆንጠጫ ሰጡኝ። ቴምብር በጣት አይነካም፤ የእጅ ወዝ ያበላሸዋል። ቀኑን ሙሉ ከአንድ አልበም ወደ ሌላ ሳዛውር ዋልኩ። ማምሻውን "እጅሽ አይንቀጠቀጥም፤ ነገ ነይ" አሉኝ።

አቶ ኪዳኔ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ በኢንተርኔት ጨረታ መሸጥ ጀመርን። እኔ ዕቃውን ስካን አደርጋለሁ፤ የፎቶውን ጠርዝ ቆርጬ አስተካክላለሁ። የጋሼ የእህት ልጅ ሀብቶም ፎቶውን በዲስኬት ይዞ እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ ከሚባለው ሰፈር ካለ ኢንተርኔት ካፌ ጨረታው ላይ ያወጣል። ክፍያውን ውጭ አገር ያለችው የጋሼ ልጅ ትቀበላለች።

አታላይ ሻጮችን መለየት የለመድኩት እኔም አልፎ አልፎ እሄድበት ከነበረው ከዚያው ካፌ ነው። አንዱን ፎቶ ሁለት ሻጮች ሲያወጡት አየሁ። አንዳንዱ ዕቃው ጀርመን ነው ይልና ሌላ ቦታ ሌላ አገር ይጽፋል። የጠረጠርኩትን ለጨረታው ድርጅት አመለክታለሁ፤ አንዳንዴ ይሰሙኛል፣ አንዳንዴ መልስ የለም።

አንድ ቀን ሆላንድ ከሚኖሩ አዛውንት ኢሜይል ደረሰን። የድሬዳዋ ማኅተም ያለበት አሮጌ ፖስታ በጨረታ ገዝተው ከፍለዋል፤ ፖስታው ግን አልደረሳቸውም። አባታቸው ድሬዳዋ ባቡር ላይ ሠርተው ነበር። ያንኑ ፖስታ ከዚህ በፊት በእኛ ስም ስላዩት፣ ሻጩ እናንተ ናችሁ ወይ ብለው በትሕትና ጠየቁ።

ፖስታውን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ጨረታ ላይ አውጥተነው ሳይሸጥ ቀርቶ መሳቢያችን ውስጥ ነበር።

የሻጩን ገጽ ከፈትኩ። ስሙ የማላውቀው ነው። ሌላም ፖስታ እያጫረተ ስለነበር እንደ ገዢ ሆኜ፣ ዕቃው በእጁ እንዳለ እንዳይ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጦ ሌላ ፎቶ እንዲልክልኝ ጻፍኩለት። ካላመንሽ አትግዢ ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ የድሬዳዋውን ፎቶ አተኩሬ አየሁት። በግራ ጠርዙ በኩል ቀለም የፈሰሰበት ማስመሪያ ይታያል። ማስመሪያው የእኔ ነው፤ ፖስታው እንዳይንሸራተት ስካነሩ ላይ የምደግፍበት። እኛ ጨረታ ላይ ባወጣነው ፎቶ ግን ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። ያልተቆረጠው ቅጂ ከተቆረጠው ጋር ያለው ዲስኬቱ ላይ ብቻ ነበር።

ወደ ሱቁ በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ዝም ማለትን አሰብኩ። ሀብቶም እናቱ ከሞተች ጀምሮ ጋሼ ያሳደጉት ነው። እኔ ደግሞ ተቀጣሪ ነኝ።

ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አትሜ የጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። ማስመሪያውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉ።

"ዲስኬቱን የሚወስደው ማነው?" አሉኝ።

መልሱን እሳቸውም ያውቁት ነበር።

ሀብቶምን አስጠሩት። አልካደም። ተመሳሳይ ፖስታ ፈልጎ ለአዛውንቱ ሊልክላቸው አስቦ እንደነበር ተናገረ። ያታለላቸው ሌሎች ገዢዎችም እንዳሉ ሲጠየቅ አመነ። ጋሼ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

"ዘይነባ፣ እሱ እዚሁ እያለ ለጨረታው ድርጅት ጻፊ" አሉኝ።

"ዘይነባ፣ እባክሽ" አለ ሀብቶም።

የጨረታውን ቁጥርና የሻጩን ስም ጻፍኩ። ፖስታውን ከመሳቢያ አውጥቼ፣ በእኛ እጅ እንዳለ እንዲታይ ከዕለቱ ጋዜጣ ጋር ስካን አደረግኩትና ካፌ ሄጄ ሁሉንም ላክሁ።

አካውንቱ ተዘጋ። ጋሼ የድሬዳዋውን ፖስታ በካርቶን አሽገው ለአዛውንቱ በነፃ ላኩላቸው። ሻጩ ማን እንደሆነም በራሳቸው እጅ ጻፉላቸው። እኔ ሻጩን አናውቀውም ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር።

ሀብቶም ወደ ሱቁ አልተመለሰም። አጎቱ ቤት መምጣት የጀመረው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በፋሲካ ነው። አሁን ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ ይሸጣል። ስንገናኝ የልጆቻችንን ደህንነት እንጠያየቃለን፤ ያን ነገር አንስተነው አናውቅም።

ወደዚህ ሥራ ለሚገቡ የምላቸው ይህን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሌላ ፎቶ ጠይቁ። ዕቃው በእጁ ያለ ሻጭ ፎቶውን አንስቶ ይልካል።