ከስፒከሩ ኋላ የነበሩት አጎቴ

አጎቴ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለሐበሻ ሰርግ ሁሉ ቤዝ ጊታር የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ያስተማራቸው ለሥራ እዚህ የመጣ ፊሊፒናዊ ነው፤ በአገሩ የሮክ ባንድ ነበረው አሉ፣ ሲሄድ ጊታሩን ትቶላቸው ሄደ። ሁልጊዜ ከስፒከሩ ኋላ ቆመው፣ ለሰው ጀርባቸውን ሰጥተው የድራም መቺውን እግር ነው የሚያዩት።

«ጋሼ፣ ወደ ፊት ይውጡ እንጂ፣ ማን አየዎት?» ስላቸው፣

«አንተ ለፍላፊ፣ የጨፋሪዎቹ ጆሮ ከሰማኝ ጨዋታው ተበላሽቷል ማለት ነው። ትከሻቸው ይስማኝ» ይሉኛል።

ከሞቱ በኋላ እዚሁ ሱዳን መፋዛ በምትባል ከተማ ሰርግ ነበር። ዘፋኙ፣ ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራ ሰውዬ፣ «ኪቦርዱ ይበቃናል» ብሎ ባንዱ ያለ ቤዝ ገባ። ከስፒከሩ ኋላ፣ እሳቸው ይቆሙበት የነበረው ቦታ ላይ የለስላሳ ሳጥን ተደርድሯል። ሰው ለእስክስታ ተነሳ፣ ትንሽ ቆየና አንድ በአንድ ተቀመጠ። አንዱ «ሙቀቱ ነው» አለ፤ ሌላው «የሰሊጥ አጨዳው ነው የጣለን» አለ። ደሜ ፈላ።

ዘፋኙ ጠጋ ብሎ «ወላሂ፣ ሰዎቹ ምን ሆነው ነው ዛሬ የማይጨፍሩት?» አለኝ።

የጎደለው የአጎቴ ቤዝ እንደሆነ ልነግረው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በማን እንደተናደድኩ እስካሁን አላውቅም፤ በሱ ነው ወይስ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዳይታወቁ በለፉት በአጎቴ?