ከሴራሚኩ ሥር የነበረው ሊሾ

«ቀስታው» የሚሉት ሴራሚክ ሠራተኛ የተነጠፈ ወለል መቁረጥ አይወድም። አንድ ሰውዬ ግን ለእናቱ መኝታ ክፍል የእጅ መታጠቢያ ሊያስገባ ፈልጎ፣ ለቱቦው ወለሉን እንዲከፍትለት ጠራው። ቀስታው አራት ማዕዘን አሰመረ፤ ጠርዙ እንዳይሸረፍ ፕላስተር ለጥፎ፣ ውሃ እያንጠባጠበ በግራይንደር ቆረጠው። ሴራሚኩ ሲነሣ ከሥሩ የድሮው ቀይ የሲሚንቶ ሊሾ ብቅ አለ። ከደረቀው ማጣበቂያ የተነሣው አቧራ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ እንደ ጉም ተንሳፈፈ።

አሮጊቷ እናት ከወንበራቸው ተነሡና ባዶ እግራቸውን ወደ ቀዳዳው ሰደዱ።

«ውይ፣ አለህ እንዴ!» አሉት ሊሾውን፣ የጠፋ ዘመድ እንዳገኙ ሁሉ። «ሙሽራ ሆኜ የገባሁበት ነው፣ ልጄ። ባለቤቴ ሰም ይቀባዋል፣ እኔ በካልሲ እንሸራተትበታለሁ። ስንስቅ ይመሽ ነበር።»

ቀስታው ያነሣውን መዶሻ መልሶ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ቱቦው የግድ በዚህ ያልፋል። ግን አልሰብረውም።»

ግማሽ ቀን ፈጅቶ ሊሾውን ዙሪያውን ቆረጠና ሳይፈረከስ አወጣው። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ከወንበራቸው ፊት አኖረላቸው። እሳቸውም ተቀምጠው እግራቸውን አሳርፈውበት፣ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ ቀስ እያሉ ወዲያ ወዲህ ያንሸራትቱበት ጀመር።