ያልተመታው እግሬ

ደባርቅ ገበያ አዲስ የተላጠ የወይራ ዱላ ሸተተኝና፣ በደርግ ጊዜ ከዳባት ልጆች ጋር የገጠምነው የገና ጨዋታ ትዝ አለኝ።

አሸንፈን ስንመለስ የዘመኑ አንደኛ ተጫዋች ማን እንደሆነ ተከራከርን። አንዱ የአጎቱን ልጅ፣ አንዱ ራሱን ጠራ። ዳር ቆመው ሲያዩ የዋሉትን የደብሩን መምህር፣ «የኔታ፣ እርስዎ ይፍረዱ» አልናቸው።

«የዳባቱ አለባቸው» አሉ።

ሳቅን። ዳባቶች የተሸነፉት በእሱ የተነሣ ነበር፤ የእንጨቷ ሩር እግሬ ሥር ስትገባ፣ መትቶ ማግባት ሲችል፣ የሰነዘረውን ዱላ መለሰው። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ፤ ቅልጥሜን ቢሰብረውም የሚወቅሰው አልነበረም።

«ልጆቼ፣ መምታትማ ማንም ይመታል» አሉ የኔታ ረጋ ብለው። «የሰነዘረውን የመለሰ ግን እሱን ብቻ አየሁ።»

አለባቸውን በዓመቱ ለጦርነት ወሰዱት፤ መመለሱን የነገረኝ የለም። ዱላውን ገዛሁና፣ እሱ ባልመታው እግሬ ዳገቱን ወጣሁ።