ጋሼ በቀትር የሚያሳዩኝ ኮከቦች

ቀጨኔ ያሳደጉኝ አጎቴ፣ ጋሼ፣ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ከትምህርት ቤት አብረን ስንመለስ በጠራራ ፀሐይ ዳገቱ ላይ ቆም ይሉና ወደ ሰማይ እያመለከቱ፣ «ኮከብ በቀንም አለ። እዚያ ጥንድ ኮከቦች አንዱ በሌላው ዙሪያ ይዞራሉ፤ ከመካከላቸው ዓይናችን የማያየው ጋማ ጨረር ይወጣል» ይሉኝ ነበር። ደብተራቸው ላይ ደጋግመው ስለሳሉልኝ ሥዕሉን ሳላይ እስለው ነበር።

በደርግ ዘመን አንድ ጠዋት የቀበሌ ጠባቂዎች ቤታችንን ሲፈትሹ ያንን ደብተር አገኙ።

«ይሄ የምን ካርታ ነው?»

«የኮከቦች ሥዕል ነው» አሉ ጋሼ። «ተማሪዬ ናት፤ እሷን ጠይቋት።»

አብሯቸው የመጣው የቀበሌው ሊቀመንበር ወደ እኔ ዞረ። «ሥዕሉን ታውቂዋለሽ?»

ፈራሁ። «አላውቅም» አልኩ።

ወሰዷቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈቱ አዲስ ደብተር ገዝቼ ሰጠኋቸው። «ለራስሽ ይሁንሽ» ብለው መለሱልኝ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፤ ስለ ኮከብ ግን ዳግመኛ አልተናገሩም።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ድንኳኑ ውስጥ ለቀስተኛው ሁሉ፣ «እንዴት ያለ ዝምተኛ ሰው ነበሩ!» ይላል። እኔም «አዎ፣ ዝምተኛ ነበሩ» እላለሁ። ዝም ያሰኘኋቸው እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።