የጉባኤው አፍ

ኖርዌይ ውስጥ ሆልምሊያ በሚባል ሰፈር ያለው የማኅበራችን ሰብሳቢ ራሱን «አፈ ጉባኤ» አስብሎ ነበር። ማን ሾመው? ማንም። አገር ቤት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሰበሰብ ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክሎ ይውላል፤ ያየውን እሑድ እሑድ እኛ ላይ ይለማመዳል። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ እለው ነበር። አሁን ሳወራችሁ ግን አንቱታዬን ነፍጌዋለሁ፤ ደስ ካላለው ይክሰሰኝ!

ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የቀሰመው አንድ ዜማ ብቻ ነው፦ «የምትደግፉ? የምትቃወሙ? ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» በዚያ ዘመን የአዲስ አበባው አፈ ጉባኤ የሚቃወም እጅ ይገጥመዋል ብሎ የሚጠብቅ አልነበረም። የእኛውም «የምትቃወሙ?» ሲል ከወረቀቱ ቀና አይልም። አፈ ጉባኤ ማለት የጉባኤው አፍ ማለት አልነበር? ይሄ የጉባኤውን አፍ የሚዘጋ ነው።

አንድ እሑድ የልጆቹን የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ጉዳይ ለውሳኔ አቀረበ። ትምህርቱ ይቅርና ክፍሉ ለወንዶቹ ኳስ ማያ ይሁን አለ። ልጆቹ እንደሆኑ ኖርዌጂያን ሆነዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል ተባለ። ደሜ ፈላ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጄ እቤት በኖርሽክ፣ በኖርዌይኛ፣ ነው የምትመልስልኝ። አገር ቤት ካለችው እናቴ ጋር በስልክ የምታወራው በዚያ ክፍል በለቃቀመቻት አማርኛ ነው። እሱም ከቀረ በገዛ እናቴና በገዛ ልጄ መሀል አስተርጓሚ ልሆን ነው!

«የምትቃወሙ?»

እጄን አነሣሁ።

«ድምፀ ተአቅቦ? በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!»

«እንዴ! እጄ አይታይዎትም?» አልኩት።

«አጀንዳው ተዘግቷል፤ ተቀመጪ።»

«ኧረ በሕግ አምላክ! ቁጠሩኝ!»

አጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ቀሚሴን እየጎተተች «ተይው እባክሽ፣ ዝም አይነቅዝም» አለችኝ። ዝምታው ባይነቅዝም እኔ ነቅዣለሁ፤ ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ! እጄን እንዳነሣሁ ቆሜ ቀረሁ።

ይሄኔ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ የነበረችው ልጄ ተነሣች። በዚያ ሰሞን ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ስቶርቲንገትን፣ የኖርዌይን ፓርላማ፣ ጎብኝታ ነበር። ተናጋሪው ሁሉ መጀመሪያ «ፕሬዚደንት» ብሎ ሰብሳቢውን እንደሚጠራ፣ ሰብሳቢውም የሚቃወሙትን ተነሡ ብሎ እንደሚያያቸው ስትነግረኝ ሰንብታለች። እሷም እንዳየችው አደረገች።

«አፈ ጉባኤ!» አለች በዚያች ስብርባሪ አማርኛዋ። «አንተ ለምን አልቆጠርክም? እማዬ እጅ አላት። አንድ እጅ። በሙሉ ድምፅ አይደለም!»

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀቱ ቀና አለ። እሰይ፣ እጄን ሊቆጥር ነው አልኩ በልቤ።

«አንተ?» አለ። «እኔን ነው አንተ ያለችኝ?»

ወንዶቹ ተንጫጩ። ነውር ነው፣ አሳዳጊ የበደላት፣ ድሮ ቢሆን፣ የማይሉት ነገር አልነበረም። ልጄ ምን እንዳጠፋች አልገባትም፤ በኖርሽክ መምህሯንም ርእሰ መምህሩንም እንደዚያው ነው የምትጠራው። ፊቷ ቀልቶ እኔን ታየኛለች። የእኔ እጅ አሁንም ከላይ ነው፤ ማንም አላየውም።

ሰውዬው ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «አንቱ ማለት እንኳ አላስተማርሻትም?»

«እሱን ነበር ቅዳሜ ቅዳሜ የምትማረው» አልኩት። «አንተ ዘጋኸው።»