ከሰው ሁሉ ጋር ከአንድ የሚጀምሩት ማቴዎስ

የልጆቼ አባት አቶ ማቴዎስ ባለፈው ሳምንት በድንገተኛ የልብ ሕመም ወደ ጌታ ተሰብስበዋል። ያልሰማችሁ ካላችሁ መርዶውን ከእኔ ስሙ። ጉርድ ሾላ ባለው መሥሪያ ቤታቸው የምታውቋቸው ስለ ታታሪነታቸው ትጽፋላችሁ። እኔ ሚስታቸው አልማዝ ግን የምጽፈው አንጀቴ እያረረ ነው። የምጽፈውም ስለ ጌም ነው። አዎ፣ ስለ ጌም!

ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ኢምፔሪያል አካባቢ ወዳለ ጌም ቤት ይሄዱ ነበር። የአጥቢያችን ሽማግሌ፣ ሽበታም ሰው፣ ከነከረባታቸው! መጀመሪያ ሌላ ሴት የያዙ መስሎኝ ተከትያቸው ሄድኩ። ምነው ሴት በሆነች! ለሴትማ የማደርገውን አውቅ ነበር።

ስገባ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጆይስቲክ የሚሉትን መጫወቻ ይዘው ከአንድ የታክሲ ረዳት ጋር ይጫወታሉ። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ሰይፈኛ፣ ቀስተኛ ወይም ፈዋሽ መሆንን ትመርጣላችሁ፤ ከሌቭል አንድ፣ ከመጀመሪያው ደረጃ ትጀምሩና ጭራቅ በገደላችሁ ቁጥር ታድጋላችሁ። ረዳቱ ሰይፈኛ ነው፣ እሳቸው ፈዋሽ። «አይዞህ ወንድሜ፣ ግባበት! ብትቆስልም እኔ ከኋላህ አለሁ» ይሉታል። እቤት እኮ «ጨው በዝቷል» ከማለት በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰው ናቸው!

የጌም ቤቱ ባለቤት ወንበር ሰጠኝና አመላቸውን ነገረኝ። ብዙ የደከሙበት፣ ትልቅ ሌቭል የደረሰ ሰይፈኛ አላቸው። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ግን እሱን ትተው ከሰውየው ጋር ከአንድ ይጀምራሉ። ሙያውንም መጀመሪያ የሚመርጠው እንግዳው ነው፤ እሳቸው የጎደለውን ይሆናሉ። «ትልቅ አጠገቡ ካለ ጀማሪው ተመልካች ሆኖ ይቀራል» ይሉ ነበር አሉ። በዚህ የተነሳ ጨዋታውን አንድም ቀን ጨርሰውት አያውቁም።

ደግነት ነው፣ አልካድኩም። እኔን ግን ቅናት አንገበገበኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ከማንም መንገደኛ ጋር ከአንድ ትጀምራለህ። ከእኔ ጋርስ መቼ ነው እንደ አዲስ የምትጀምረው?» አልኳቸው። ፈገግ ብለው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ይህንኑ እጠይቃቸው ነበር። ሳይመልሱልኝ ሄዱ።

ለቅሶው ላይ ደግሞ ባሰብኝ። ድንኳኑ በማላውቀው ሰው ተሞላ! ረዳቱ ደረቱን ይደቃል። ሰናይት የምትባል የፋርማሲ ሠራተኛ ደግሞ ከእኔ ከሚስታቸው በላይ ታለቅሳለች። አላስቻለኝም፤ «አንቺ ደግሞ ምናቸው ነሽ?» አልኳት። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እትዬ አልማዝ፣ እናቴ የሞተች ጊዜ ከሰው ጋር መቀመጥ አቅቶኝ ነበር» አለችኝ። «ጆይስቲክ አስይዘው ከሰው የቀላቀሉኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ‹አልማዝ ከእኔ ጋር መቼ ትጀምራለህ እያለች ትሞግተኛለች› አሉኝ። ‹ታዲያ ለምን አይጀምሩም?› ብላቸው ደነገጡ። ‹ከአንድ ለመጀመር እኮ የደረሱበትን መተው ያስፈልጋል። ከአልማዝ ጋር የደረስኩበትን እንዴት ብዬ እተዋለሁ?› አሉኝ።»

አቅፌያት አብረን አለቀስን። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም፤ እንዲያውም ባሰበት።

ማቲዬ፣ እስካሁን ሰው ፊት ስለሆንኩ አንቱ አልኩህ። አሁን ልሰናበትህ ነው። ያንን ቃል ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? የጠየቅኩህ እኔ፣ የሰማችው ሰናይት! እዚያ በጌታ ቤትም አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር አጠገቡ ቁጭ እንደምትል አውቃለሁ። ቁጭ በል፣ አልከለክልህም። እኔ የመጣሁ ቀን ግን ከማንም ጋር ብትሆን ተነስተህ ተቀበለኝ። ከአንድ አንጀምርም፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን።