የአዮ ቦጋለች ቤት ሲነሳ

የዶርዜን ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ግርጌው እየተቆረጠ በየጊዜው ያጥራል። መንደሩ ሁሉ «አዮ»፣ ማለትም እናት፣ የሚላት የቦጋለች ቤትም አዲስ ሙሽራ ሆና ከገባችበት ግማሽ ያህሉ ነው የቀረው። ቀርከሃውን ሰንጥቆ በገዛ እጁ የሠራው ባሏ ሻንቃ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ግን ቤቱ የጎብኚ ሆኗል።

ጎብኚው ጠዋት ጫሞ ሐይቅ ላይ አዞ ሲያይ ይውላል። ከሰዓት በኋላ አስጎብኚው ኤርምያስ ዳገቱን አስወጥቶ አዮ ቦጋለች ደጃፍ ላይ ያራግፈዋል። እሷም እንሰት ትፍቃለች፣ ቆጮ ትጋግራለች፣ ዳጣ የተባለውን የቃሪያ ማባያ ታቀርባለች፣ አረቄ ትቀዳለች። እንግዶቹ «ዮ! ዮ! ዮ!» ብለው ሲጨልጡ አብራቸው ትላለች። ያመማት ቀንም ትላለች። አልጋዋ ላይ ሳይቀር እየተቀመጡ ፎቶ ይነሳሉ። ሰው በገዛ ጎጆው ጋደም ማለት ሲያቅተው እንዴት አይመረው!

አንድ ቀን ኤርምያስ አዲስ ሐሳብ ይዞ መጣ።

«አዮ፣ ቤቱን ሁለቱ ሐይቆች ወደሚታዩበት ጉብታ እንውሰደው። ላንቺ እዚሁ ቆርቆሮ ቤት እንሠራልሻለን።»

«እንግዳውስ?»

«እንግዳውማ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል።»

«በቃ፣ ውሰዱልኝ።»

ጎረቤቷ ጫሬ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። «የሻንቃን ቤት? ምን ነካሽ አንቺ?»

«ሻንቃ ተኝቷል» አለችው። «እኔም ልተኛ።»

ቆርቆሮ ቤቱ እንዳለቀ የመንደሩ ወንዶች ተጠሩ። ከግርጌው አጠና አስገብተው፣ እየዘፈኑ ቤቱን እንዳለ ብድግ አደረጉት።

«ኧረ ቀስ! አፍንጫው እንዳይሰበር!» ብሎ አንዱ ከደጃፉ በላይ ወደ ፊት የወጣውን የቤቱን ክፍል እያየ ጮኸ።

«ያንተ አፍንጫ ነው የሚያሰጋው!» አለው ከኋላ ያለው፤ ሁሉም ሳቁ።

ቤቱ ሲሄድ ምድጃዋና ላሟ ታድርበት የነበረው ቦታ ፀሐይ ላይ ተሰጡ። አልጋዋም ለእይታ ተብሎ አብሮ ስለሄደ ቆርቆሮ ቤቷ ውስጥ ሰሌን ዘረጋች፤ በሯን ዘግታ እንቅልፏን ለጠጠች።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። ኤርምያስ ነበር።

«አዮ፣ ተነሺ እንጂ! እንግዶች እየመጡ ነው።»

«ቤቱ ያለው እላይ ነው። ምን ፈለግህ እዚህ?»

«ባለቤት የሌለው ቤት ምን ይሆንላቸዋል? ቆጮውን ማን ይጋግር፣ እኔ ልጋግር?»

«አንተማ ከጋገርክ እንግዳው ወደ አዞው ይመለሳል» አለች፤ ራሷ ግን አልሳቀችም። እንግዳው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል ሲላት፣ እሷም አብራ እንደምትሄድ አልነገራትም ነበር። እሷም አልጠየቀችም። አሁን ለመጣላት እንኳ አቅም አጣች። ጋቢዋን ደርባ ጉልበቷን እየያዘች ጉብታውን ወጣች።

እንግዶቹ ሐይቆቹን አይተው ሲደነቁ ዋሉ። እሷ ቀና ለማለት ጊዜ አላገኘችም፤ መፋቅ፣ መጋገር፣ መቅዳት፣ «ዮ! ዮ! ዮ!» ማለት ብቻ። ሲመሽ ሁሉም ወጡ። እሳቱን አዳፈነችና አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። የሻንቃ ቀርከሃ ከላይዋ ነበር፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለላት። ዓይኗን ጨፈነች።

ኤርምያስ አዲስ የተገዛ ቁልፍ ይዞ በሩ ላይ ጎንበስ አለ።

«አዮ፣ ይቅርታ» አላት። «ውጪልኝ፣ ልቆልፍ።»